አርጎን በየቋንቋው፦ ስሙ ለምን አልተተረጎመም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ የጋዞች ቤተሰብ፣ ማለትም አርጎን ስላለበት ስለ ኖብል ጋዞች፣ ስም በመሆኑ በዚህ ዕትም በአንድነት አስተናግደናቸዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ በኮምቦልቻ ከተማ በብየዳ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስቴንለስ ስቲልና አሉሚኒየም የምንበይደው በአርጎን ነው። ከቱርክ በመጣው ሲሊንደር ላይ ስሙ በላቲን ፊደል አርጎን ተብሎ ተጽፏል። ከቻይና በመጣው ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብልን አላገኘንም። በዐረብኛ የተጻፈውን ደግሞ ቁርአን የቀራ የሥራ ባልደረባዬ «አርጁን» ብሎ አነበበው። በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ምልክቱ «ኤ» ብቻ ሲሆን በልጄ መጽሐፍ ላይ ግን ሁለት ፊደል ነው። ልጄ እንደሚለው ኦክስጅንና ናይትሮጅን በጀርመንና በሩሲያ ጨርሶ ሌላ ስም አላቸው። አርጎን ግን በሁሉም ዘንድ አርጎን የሆነው ለምንድን ነው? ትርጉሙ «ሰነፍ» ከሆነስ በአማርኛ የራሱ ስም ቢወጣለት አይሻልም?

በያጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ልጅዎ የነገርዎት ትክክል ነው፤ የጥያቄዎ መልስም ያለው ስሙ በወጣበት ዘመን ላይ ነው። አርጎን ስሙን ያገኘው በ1894፣ ማለትም በእርስዎ አገር በወሎ የውጫሌ ውል ከተፈረመ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ የጋዞችን ክብደት እጅግ በጥንቃቄ ሲመዝን አንድ የማይገጥም ነገር አጋጠመው። ከአየር ላይ ኦክስጅኑንና ሌላውን ሁሉ አስወግዶ ያስቀረው ናይትሮጅን በሊትር 1.257 ግራም ሲመዝን፣ ከአሞኒያና ከሌሎች ውሁዶች ያወጣው ናይትሮጅን ግን 1.251 ግራም ብቻ ሆነ። ልዩነቱ ከሺህ 5 ገደማ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን የሚዛን ስሕተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ሬይሊ ግን አላለፈውም። የኬሚስትሪው ሊቅ ዊልያም ራምሴ ደግሞ ከአየር የተገኘውን ናይትሮጅን በጋለ ማግኒዥየም ላይ እየደጋገመ በማሳለፍ ናይትሮጅኑን ሁሉ ካስበላው በኋላ፣ ማግኒዥየሙ ሊነካው ያልቻለ ጥቂት ጋዝ ተረፈው። ያ ትርፍራፊ ከምንም ነገር ጋር አልዋሐድም አለ። ሁለቱ ሰዎች ግኝታቸውን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በኦክስፎርድ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ አስታወቁ፤ ለሥራቸውም በ1904 ሬይሊ የፊዚክስ፣ ራምሴ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከእነርሱ 109 ዓመት ቀደም ብሎ በ1785 ሄንሪ ካቨንዲሽ ይህንኑ ጋዝ በመስታወት ዕቃው ውስጥ አይቶት እንደነበር መናገር ይገባል። ካቨንዲሽ የአየርን ናይትሮጅን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያዋህድ ከጠቅላላው ከ120 አንድ እጅ የማይበልጥ አረፋ እንደቀረው በሐቀኝነት መዝግቧል። ነገር ግን ያ አረፋ ስም አልወጣለትም፤ ስም ስላልወጣለትም ለመቶ ዓመት ያህል ማንም አልፈለገው።

ስሙ የግሪክኛ ነው። «ኤርጎን» ሥራ ማለት ሲሆን ከፊቱ የገባው «አ» አፍራሽ ነው፤ ሲደመር ሥራ የሌለው ማለት ይሆናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይኑ ጌታ በሦስት ሰዓት ወጥቶ በአደባባይ ቆመው ያገኛቸው ሠራተኞች በግሪክኛው የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «ሥራ የፈቱ» ተብለዋል። ስለዚህ ለቃሉ ከ«ሰነፍ» ይልቅ «ሥራ ፈት» ይቀርበዋል። እነዚያ ሰዎች ሥራ ጠልተው የቆሙ ሳይሆኑ የሚቀጥራቸው ያጡ ነበሩና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንግባ። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ስማቸውን ያገኙት ከአርጎን ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ፈረንሳዊው ላቮዋዚየ አሲድን የሚያስገኘው ይህ ጋዝ ነው ብሎ ስላመነ ከግሪክኛ «አሲድ ወላጅ» የሚል ስም ሠራለት፤ ኦክስጅን ማለት ይኸው ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አገር አዲስ የሳይንስ ቃል ሲመጣለት ወደ ራሱ ቋንቋ መመለስን እንደ ግዴታ ይቆጥር ስለነበር ጀርመኖች «ዛወርሽቶፍ» አሉት፤ ኮምጣጣ ነገር እንደ ማለት ነው። ሩሲያውያን «ኪስሎሮድ»፣ ጃፓኖች «ሳንሶ» ብለው ያንኑ ሐሳብ በየአፋቸው ተረጎሙ። ናይትሮጅንም እንዲሁ ነው፤ ፈረንሳይ፣ ሩሲያና ቱርክ «አዞት»፣ ማለትም ሕይወት የሌለው ይሉታል፤ ጀርመን ግን «ሽቲክሽቶፍ»፣ የሚያፍን ነገር ትለዋለች።

ይህ ሁሉ ትርጉም ግን አንድ ስሕተት ተሸክሞ ቀረ። በ1810 ሃምፍሪ ዴቪ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ በምንለው አሲድ ውስጥ ኦክስጅን ፈጽሞ እንደሌለ አሳየ። የአሲድ ወላጅ የተባለው ጋዝ የአሲድ ሁሉ ወላጅ እንዳልሆነ ታወቀ። ቃሉን ሳይተረጉሙ በተቀበሉት በእንግሊዝኛና በአማርኛ ይህ ማንንም አያሳስትም፤ አማርኛ ተናጋሪ «ኦክስጅን» ሲል አሲድ አይታሰበውምና። አንድ ጀርመናዊ ሕፃን ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚተነፍሰውን አየር ስም ሲማር የ18ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ስሕተት አብሮ ይማራል።

አርጎን ሲመጣ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። በ1860 የየአገሩ ኬሚስቶች በካርልስሩኸ ተሰብስበው ስለ አቶም ክብደት በጋራ ተነጋግረዋል፤ በ1869 ሜንዴሌቭ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ አውጥቷል፤ የአንዱ አገር መጽሔት በሌላው አገር በወራት ውስጥ ይነበብ ነበር። አዲስ ንጥረ ነገር ሲገኝ ስሙ ከነግኝቱ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል እንጂ የሚመልሰውን አይጠብቅም። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆኑት በቃላቸው ንጽሕና የሚቀኑት ቋንቋዎች ናቸው። ኦክስጅንን ቼኮች «ኪስሊክ»፣ ክሮኤሾች «ኪሲክ»፣ ፊንላንዶች «ሃፒ» እያሉ በራሳቸው ቃል ሲጠሩት አርጎንን ግን ሦስቱም አርጎን ብለው ተቀብለውታል።

ይሁን እንጂ እንግዳውን ቃል እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ልብስ ያለብሰዋል። ሊትዌንያውያን «አርጎናስ»፣ ላትቪያውያን «አርጎንስ» ይሉታል፤ በእነርሱ ዘንድ የወንድ ስም በ«ስ» መጨረስ አለበትና። ስፔኖች የመጨረሻውን ቀለም፣ ማለትም የቃሉን የመጨረሻ የድምፅ ክፍል፣ ያበረታሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ካታላኖች ደግሞ የመጨረሻውን «ን» ጥለው «አርጎ» ይላሉ። ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች በሁለት ተከፍለዋል፤ ሊዝበን ላይ የመጀመሪያው ቀለም በርትቶ «አርጎን» ሲባል ብራዚል ላይ «አርጎንዩ» ይባላል። ጃፓኖች «ር»ን ያለ አናባቢ መተው ስለማይሆንላቸው «አሩጎን»፣ ኮሪያውያንም «አርጎን»ን በሦስት ቀለም ከፍለው ይጽፋሉ። በዕብራይስጥ ያለ ነጥብ ሲጻፍ ድርጅት ከሚለው ቃል ጋር በፊደል አንድ ስለሚሆን ለይቶ የሚያነበው አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ነው። ቃሉ የተወሰደባቸው ግሪኮች ራሳቸው «አርጎ» ይሉታል፤ በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ዝግተኛ ለማለት የሚጠቀሙበት ያው ቃል ነው። ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የስሙን ትርጉም ሳያስቡት የሚሰሙት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የባልደረባዎ «አርጁን» ንባብም ስሕተት አይደለም፤ ፊደሉን በቁርአን ቤት እንደተማረው አንብቦታል። ዐረብኛ በጥንቱ ሥርዓቱ ለ«ገ» ድምፅ ፊደል የለውም። ግብፃውያን ጂም የተባለውን ፊደል «ገ» ብለው ስለሚያነቡ ጋዙን በጂም ይጽፉታል፤ እነርሱ ሲያነቡት አርጎን ነው። በሶርያና በሌሎች አገሮች ግን ጂም «ጀ» ስለሆነ ገይን በተባለው ፊደል ይጽፉታል። «ኦ»ም ራሱን የቻለ ምልክት ስለሌለው በዋው ይተካል፤ ባልደረባዎ «ጁ» ብሎ ያነበበው ለዚህ ነው። ፋርሶች በበኩላቸው በዐረብኛው ካፍ ላይ አንድ ጭረት ጨምረው ለ«ገ» የራሳቸውን ፊደል ስላበጁ ችግሩ የለባቸውም።

የቻይናው ጽሑፍ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በሲሊንደሩ ላይ ያለውን ምልክት ልብ ብለው ቢያዩት ከላይና ከቀኝ እንደ ክዳን የተደፋ ክፍል አለው። ይህ ክዳን «ቺ» ይባላል፤ ጋዝ ማለት ነው። ከክዳኑ ሥር የተቀመጠው ትንሽ ምልክት ደግሞ «ያ» ተብሎ የሚነበብ ሲሆን የእስያ አህጉር በቻይንኛ የሚጠራበት ያው ምልክት ነው። እዚህ ግን ከእስያ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ የገባው ለድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱ በጠቅላላው ስሙ «ያ» የሚባል ጋዝ ይላል፤ ይኸውም አርጎን ከሚለው ስም የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ተወስዶ ነው። ብዙውን ጊዜ በሲሊንደር ላይ ይህን ምልክት ተከትሎ ክዳኑ ለብቻው እንደገና ይጻፋል፤ «የአርጎን ጋዝ» ለማለት ነው። አሁን ከዚህ አጠገብ የኦክስጅንን ምልክት ያድርጉ። በዚያም ክዳኑ አለ፤ ሥሩ የገባው ድምፅ ግን መመገብ፣ ማሳደግ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የሃይድሮጅኑ ቀላል ከሚለው፣ የናይትሮጅኑ ቀጭን ወይም የሳሳ ከሚለው ቃል ተወስደዋል። ለቀደሙት ጋዞች ትርጉም ሲፈልጉ የነበሩት ቻይናውያን እንኳ ለአርጎን ድምፁን ብቻ ወሰዱለት። በአውሮፓ የታየው ለውጥ ፍጹም በተለየ የአጻጻፍ ሥርዓትም መደገሙ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው።

ስለ ምልክቱ የጠየቁት አጭር መልስ አለው። አርጎን እስከ 1957 ድረስ በአንድ የላቲን ፊደል፣ በ«ኤ» ይጻፍ ነበር፤ በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ሁለት ፊደል አደረገው። የአሮጌው መጽሐፍ ዕድሜ ከዚህ ይታወቃል።

በአማርኛ ስም ይውጣለት ወይ ለሚለው የእኔ መልስ አይውጣለት ነው። ምክንያቴ ባዕድ ቃል መውደድ አይደለም። በጠባዩ የተሰየመ ነገር ጠባዩ በተሻለ ሁኔታ በታወቀ ጊዜ ስሙ ይከዳዋል፤ ኦክስጅን በጀርመንኛ የደረሰበት ይኸው ነው። አርጎንም ከዚህ አልዳነም። በ2000 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዜሮ በታች እጅግ በቀዘቀዘ ሁኔታ አርጎንን ከሃይድሮጅንና ከፍሎሪን ጋር አዋህደው አሳይተዋል። ውሁዱ ቅዝቃዜው ጥቂት ሲቀንስ የሚፈርስ ቢሆንም ውሁድ ነው። በ2013 ደግሞ አርጎንና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት ሞለኪውል በሰማይ ላይ፣ ክራብ በሚባለው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ውስጥ ተገኝቷል። ዛሬ «ሥራ ፈት» ብለን ብንሰይመው ልጆቻችን ስሙን ሲጠሩ ያልሆነውን ይማራሉ። አርጎን ስንለው ግን ስም ብቻ ነው፤ ስለ ጠባዩ የምንለውን በዐረፍተ ነገር እንላለን፣ ስንሳሳትም ዐረፍተ ነገሩን እናርማለን።

ይልቁንስ ልንጨነቅበት የሚገባን አጻጻፉ ነው። «አርገን»፣ «አርጐን»፣ «አርጎን» እየተባለ በሦስት ዓይነት ሲጻፍ አያለሁ። ትክክለኛው «አርጎን» ነው ብዬ አምናለሁ። «ጐ» የከንፈር ድምፅ ያለበት ሌላ ፊደል ነው፤ «አርገን» ደግሞ ጋዙን ከቤተሰቡ ይለየዋል። ኒዮን፣ ክሪፕቶን፣ ዜኖን፣ ራዶን ሁሉም በ«ኦን» የሚጨርሱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ተማሪው ሠንጠረዡን ሲያይ ዝምድናቸውን ከስማቸው ሊያነብ ይገባዋል።

በመጨረሻም ከስሙ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልንገርዎ። አርጎን ከአየር አንድ ሦስተኛ ያህል በላይ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በርሜል ወይም ታንከር ውስጥ ገብታችሁ ስትበይዱ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋልና አየር በሚገባ ሳይናፈስ፣ ከውጭም የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ፈጽሞ አትግቡ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ መስመር ላይ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት የሚመጣ መኪና «ዜኖን» መብራት ከሆነ ዓይን ይነሣል። አንድ ጀርመን አገር የኖረ ዘመዴ ግን «ክሴኖን ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። የቱ ነው ትክክል?

ሹፌር፣ ከደሴ

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ስሙ የሚጀምረው በግሪክኛው «ክስ» ፊደል ነው። ጀርመኖች፣ ፈረንሳዮች፣ ሩሲያውያንና ፖላንዶች ሁለቱንም ድምፅ አውጥተው «ክሴኖን» ይላሉ፤ ጃፓኖችም መካከል ላይ አናባቢ አስገብተው «ኪሴኖን» ይሉታል። እንግሊዝኛ ግን በቃል መጀመሪያ ላይ «ክስ» ማለትን ስለማይወድ «ዜኖን» ያደርገዋል። ስፔኖች «ሴኖን» ይላሉ፤ ኮሪያውያን ቀድሞ ከጀርመኖች ወስደው «ክሴኖን» ይሉት የነበረውን አሁን በእንግሊዝኛው መንገድ ቀይረውታል።

የእኛ አፍ «ክስ»ን የሚፈራ አይደለም። የፋርሱን ንጉሥ አርጤክስስ፣ ጻድቁንም መክሲሞስ ብለን ኖረናል። ቃሉ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በኩል ቢመጣልን ኖሮ ምናልባት «ክሴኖን» እንለው ነበር። የመጣልን ግን በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍና በመኪና ዕቃ ሱቅ በኩል ስለሆነ «ዜኖን» ሆኖ ጸንቷል፤ ሹፌሩም መካኒኩም ተማሪውም በዚሁ ይግባባሉ፤ ይቀጥል እላለሁ። ዘመድዎ ጀርመን ሲሄድ ክሴኖን ይበል፣ ሐረጎ ላይ ግን ዜኖን ማለቱ የሚያሳፍር አይደለም።

ራምሴና ረዳቱ ሞሪስ ትራቨርስ ይህን ጋዝ ያገኙት በ1898 ሲሆን፣ ፈሳሽ አየርን እያተነኑ የቀረውን ሲመረምሩ ከክሪፕቶን ጋር ተደባልቆ ስላገኙት ስሙን ከግሪክኛው «ክሴኖስ» አወጡለት። ክሴኖስ ከውጭ የመጣ ባዕድም፣ በቤት የሚስተናገድ ሰውም ነው፤ የእኛ «እንግዳ» ሁለቱንም ትርጉም እንደሚይዝ ማለት ነው። በእርግጥም እንግዳ ነው፤ ከ11 ሚሊዮን ተኩል የአየር ክፍል አንዱ ብቻ ነው ዜኖን። በመኪና የፊት መብራት ውስጥ የሚገባው መብራቱ እንደተለኮሰ ወዲያው እንዲበራ ስለሚያደርግ ሲሆን በፋብሪካ ደረጃ በመኪና ላይ የተገጠመው በ1991 ነው።

ጥያቄ፦ የወልድያ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ከኖብል ጋዞች መካከል ሂሊየም ብቻ በ«ኦን» የማይጨርሰው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ኑ ብላናለች። «ኖብል ጋዝ»ን በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ላይም ክፍላችን ተከራክሯል፤ አንዳንዶቹ «ብርቅ ጋዞች»፣ አንዳንዶቹ «ዝምተኛ ጋዞች» አሉ።

ተማሪ፣ ከወልድያ

መልስ፦ ውድ ተማሪ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ሂሊየም ስሙን ያገኘው በምድር ላይ ማንም ሳያየው በመሆኑ ነው። በ1868 የፀሐይ ብርሃን በመስታወት ተበትኖ ሲመረመር ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ሁሉ ጋር የማይገጥም ቢጫ መስመር ታየ። እንግሊዛዊው ኖርማን ሎክየር በፀሐይ ላይ ብቻ ያለ አዲስ ንጥረ ነገር ነው ብሎ ከግሪክኛው «ሄሊዮስ»፣ ፀሐይ፣ ስም አወጣለት፤ መጨረሻውንም እንደ ሶዲየምና እንደ ካልሲየም የብረታ ብረት መጨረሻ አደረገው። ራምሴ በ1895 የዩራኒየም ማዕድን ሲመረምር ሂሊየምን በምድር ላይ አግኝቶ ጋዝ መሆኑን ሲያረጋግጥ ስሙ ተለምዶ ነበርና ማንም አልቀየረውም። በራሳቸው በግሪኮች አፍ ግን «ኢሊዮ» ይባላል፤ የብረት መጨረሻው እዚያ የለም። ዛሬ ደንቡ ተጽፎ ተቀምጧል፤ በዚህ ረድፍ የሚገኝ አዲስ ንጥረ ነገር ሁሉ በ«ኦን» መጨረስ አለበት። በ2016 ቁጥር 118 በሩሲያዊው ሊቅ በዩሪ ኦጋኔስያን ስም ሲሰየም ኦጋኔሶን የተባለው በዚሁ ደንብ ነው።

ሁለተኛው ክርክራችሁን ወድጄዋለሁ፤ በዓለምም እንዲሁ ተከራክረውበታልና። ቻይናውያን ጠባየ ሰነፍ ጋዞችም ብርቅ ጋዞችም ይላሉ፤ ዐረቦች ሥራ ፈት ከሚለው ቃል «ኻሚላ»፣ ከክብርም «ነቢላ» ይሏቸዋል። ጃፓኖች ብርቅ ለማለት «ኪጋሱ» ይሉ ነበር። በ2015 የኬሚስትሪ ማኅበራቸው የመጀመሪያውን ምልክት ብቻ ለውጦ የከበረ በሚል ምልክት እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ፤ ሁለቱም ምልክቶች «ኪ» ተብለው ስለሚነበቡ ንግግሩ ሳይለወጥ ጽሑፉ ተለወጠ።

ለእናንተም የምመክራችሁ የከበረ የሚለውን ነው። ብርቅ እንዳትሏቸው አርጎን ከአየር ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድም ከ20 እጅ በላይ የሚበልጥ ነው። ዝምተኛ እንዳትሏቸው ኒል ባርትሌት በ1962 ዜኖንን ከፕላቲኒየምና ከፍሎሪን ጋር አዋህዶ ዝምታውን ሰብሮታል። ጀርመናዊው ሁጎ ኤርድማን በ1898 የከበሩ ጋዞች የሚለውን ስም ሲያወጣ ያሰበው ወርቅን ነበር። ወርቅ ዝገት እንደማይነካው፣ ከሌላው ጋር በቀላሉ እንደማይደባለቅ ሁሉ እነዚህም ከሌላው ጋር ለመዋሐድ የሚቸኩሉ አይደሉም፤ ፈጽሞ አይዋሐዱም ግን አላለም። አማርኛ ደግሞ ወርቅንም የደላንታን ኦፓልም የከበሩ ማዕድናት ብሎ መጥራትን ከለመደ ቆይቷል። ስለዚህ «የከበሩ ጋዞች» ብትሉ ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይነገረው ይረዳችኋል፤ ስሙን ያወጣው ሰውም ያለው ይህንኑ ነው። በፈተና ላይ ግን መጽሐፋችሁ የሚለውን «ኖብል ጋዝ» ጻፉ።